ምስክሩ ሲሳሳት፦ የማይታወቅ ፕሮሰሰር የስሕተት መዝገብና የጥገና ባለሙያው ፍርድ
(የንግግር ጽሑፍ)



ወፍጮ ወይም የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ ጠጋኙ የሚመራው በድምፁ፣ በጭሱና በሙቀቱ ነው። ኮምፒዩተር ግን ከሌሎች መሣሪያዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ሕመሙን ራሱ ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ የሃርድዌር የስሕተት መዝገብ ይባላል። በስንት ሰዓት፣ በየትኛው የፕሮሰሰሩ ክፍል፣ ምን ዓይነት ስሕተት እንደ ደረሰ በቁጥርና በቃል አስፍሮ ያቆያል። እንዲህ ያለ መዝገብ በእጁ ያለ ባለሙያ የታደለ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም የታደለ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡን እንደ ፍርድ ወረቀት የሚቀበል ሁሉ አንድ ቀን መክሰሩ አይቀርም። መዝገብ የምስክር ቃል ነውና። ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ የሆነውን ሁሉ አይናገርም። ቃሉን የሚተረጉመው ደግሞ ቋንቋውን በሚገባ የማያውቅ ከሆነ፣ ምስክሩ እውነት ተናግሮም ንጹሑ ሊፈረድበት ይችላል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ መዝገቡን የሚተረጉመው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን በማያውቀው ጊዜ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ ባለሙያው ወደ ፍርድ ከመድረሱ በፊት ሊከተለው የሚገባውን የምርመራ ሥርዓት ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ምን ያህል ያስከፍላል?

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ የሚገኝ ጽሕፈት ቤት፣ የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ ዝርዝር የያዘ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር አለው እንበል። ኮምፒዩተሩ በ2008 በወጣው የኢንቴል ትውልድ የተሠራ፣ ስሕተት አራሚ ራም የተገጠመለት ጠንካራ ማሽን ነው። አዲስ አበባ ተገዝቶ፣ በጭነት መኪና የዓባይን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ በደጀን በኩል የመጣ ነው። ዊንዶውስ 11 ፕሮሰሰሩን ስለማይቀበለው ሊኑክስ ተጭኖበታል። ክረምቱ እንደ ገባ ማሽኑ በሥራ መካከል በድንገት እየጠፋ መነሣት ይጀምራል። ባለሙያው ተጠርቶ መዝገቡን ሲከፍት የሚያገኘው ቃል፣ «የሃርድዌር ስሕተት፤ ፕሮሰሰር 0፤ ባንክ 8፤ ይህ የሶፍትዌር ስሕተት አይደለም» የሚል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ባለሙያው «ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርማል። ጽሕፈት ቤቱ የግዢ ጥያቄ ያቀርባል፤ ግዢው በጀት ይጠብቃል። ወራት አልፈው ሌላ ፕሮሰሰር ተገዝቶ ይገጠማል፤ ማሽኑ ግን በሦስተኛው ቀን እንደ ገና ይጠፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ነው።

ጉዳቱ የገንዘብና የጊዜ ብቻ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። ማሽኑ በሚታመምባቸው በእነዚያ ወራት ሁሉ ጸሐፊዋ የይዞታ ስፋት፣ የአዋሳኝ ስምና የቤተሰብ ዝርዝር ስታስገባ ቆይታለች። ከተጻፈው ውስጥ ትክክል ሆኖ የተቀመጠው የትኛው እንደ ሆነ፣ የተበላሸውም የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። በሁለት ጎረቤታሞች መካከል የወሰን ክርክር ሲነሣ የሚጠየቀው ያ ፋይል ነው። ስለዚህ የመዝገብ አነባበብ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአደራ ጉዳይም ነው።

ፕሮሰሰሩ ስሕተቱን እንዴት ይጽፋል?

ዛሬ በአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች የሚሠራበት ሥርዓት «ማሽን ቼክ» የሚባለው ነው። ኢንቴል በ1995 ካወጣው ከፔንቲየም ፕሮ ጀምሮ ይህ ሥርዓት ወጥ መልክ ይዟል፤ ኤ.ኤም.ዲም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሥርዓት ይከተላል። ፕሮሰሰሩ ራሱን በበርካታ ክፍሎች ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል «ባንክ» የሚባል የሬጂስተሮች ስብስብ ይመድባል። አንዱ ባንክ የመሸጋገሪያውን ሜሞሪ ማለትም የካሽን፣ ሌላው የመገናኛውን መስመር፣ ሌላው የራም ተቆጣጣሪውን ስሕተት ይመዘግባል።

የእያንዳንዱ ባንክ ዋና ሬጂስተር 64 ቢት ነው። ከላይ ያሉት ቢቶች የስሕተቱን ክብደት ይናገራሉ። 63ኛው ቢት በሬጂስተሩ ውስጥ የሚታመን ይዘት መኖሩን ይገልጻል። 62ኛው የፊተኛው ስሕተት ሳይነሣ ሌላ ስሕተት እንደ ተደረበ ያሳያል። 61ኛው ስሕተቱ ያልታረመ መሆኑን፣ 58ኛው የስሕተቱ አድራሻ መመዝገቡን፣ 57ኛው ደግሞ የፕሮሰሰሩ የሥራ ይዞታ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታሉ። ከ0 እስከ 15 ያሉት የታችኞቹ 16 ቢቶች ለሁሉም ሞዴሎች የጋራ የሆነውን የስሕተት ዓይነት ይይዛሉ። ከ16 እስከ 31 ያሉት ቢቶች ግን የየሞዴሉ የግል ቋንቋ ናቸው፤ በአንዱ ሞዴል አንድ ነገር፣ በሌላው ሞዴል ፈጽሞ ሌላ ነገር ይላሉ።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ልዩነት ነው። የጋራውን ክፍል ማንኛውም አስተርጓሚ ፕሮግራም ሊያነበው ይችላል። የግሉን ክፍል ሊያነበው የሚችለው ግን ያንን ሞዴል የተማረ ፕሮግራም ብቻ ነው። ያልተማረውን ለማንበብ የሞከረ እንደ ሆነ የሚያወጣው ቃል ዐረፍተ ነገሩ የተስተካከለ፣ ትርጉሙ ግን የተሳሳተ ይሆናል።

በምሳሌው ላይ የታየው «ይህ የሶፍትዌር ስሕተት አይደለም» የሚለው ቃልም በዚሁ ዐይን መታየት አለበት። «ኤም.ሲ.ኢ. ሎግ» የተባለው የሊኑክስ አስተርጓሚ ይህን ዐረፍተ ነገር በእያንዳንዱ ስሕተት አናት ላይ ያለ ልዩነት ያትመዋል። ቋሚ ርእስ ነው እንጂ ተመርምሮ የተደረሰበት ውሳኔ አይደለም።

የማይታወቅ ፕሮሰሰር ሦስት ዓይነት ነው

የመጀመሪያው፣ ከአስተርጓሚው በኋላ የተወለደ ፕሮሰሰር ነው። ኤ.ኤም.ዲ. በ2017 ራይዘን የተባሉትን ፕሮሰሰሮች ሲያወጣ በቤተሰብ ቁጥር 23 ሰየማቸው። ኤም.ሲ.ኢ. ሎግ እነዚህን ሲያገኝ ቤተሰብ 23ን እንደማይደግፍ ገልጾ፣ በሊኑክስ ውስጥ ያለውን ሌላ ተርጓሚ እንዲጠቀሙ ያሳስባል። የማያውቀው የኢንቴል ሞዴል ሲያጋጥመው ደግሞ የጋራውን ክፍል ብቻ እንደሚተረጉም ያስታውቃል። እንዲህ ብሎ አለማወቁን የሚናገር አስተርጓሚ ቅን ነው። አደጋው ማስጠንቀቂያው ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ ጊዜ ታይቶ ከሌሎች መቶ መስመሮች ጋር ማለፉ ነው። ከሳምንት በኋላ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው ትርጉሙን ያያል እንጂ ማስጠንቀቂያውን አያይም። በተጨማሪም በቀድሞዎቹ የኤ.ኤም.ዲ. ትውልዶች ባንክ 4 ኖርዝብሪጅ የተባለው የመገናኛ ክፍል ነበረ። ከ2017 ወዲህ ግን የባንኩ ማንነት የሚታወቀው በተራ ቁጥሩ ሳይሆን ለብቻው በተዘጋጀ የመታወቂያ ሬጂስተር ነው። የድሮውን ልማድ ይዞ ባንክ 4ን «ኖርዝብሪጅ» ብሎ የሚያነብ ሁሉ ይሳሳታል።

ሁለተኛው፣ ዕድሜው አልፎ ሠሪው የተወው ፕሮሰሰር ነው። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች «ማይክሮኮድ» የተባለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚጫን ማስተካከያ መምጣቱን ያቆማል፤ የሚታወቅ ጉድለታቸውም ሳይታረም ይቀራል።

ሦስተኛው፣ ከማያውቀው ማዘርቦርድ ጋር የተጋባ ፕሮሰሰር ነው። ከሰርቨር የወጡ ያገለገሉ ዚዮን ፕሮሰሰሮች ርካሽ በሆነ ሌላ ቦርድ ላይ ተገጥመው ይሸጣሉ። የቦርዱ ባዮስ ፕሮሰሰሩን በትክክል ካላወቀው የኤሌክትሪክ መጠኑንና የራም ፍጥነቱን ያዛባል። የሚመዘገበው ስሕተት እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን ፕሮሰሰሩ አይደለም።

መዝገቡ የሚያሳስትባቸው መንገዶች

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ነጋሪውን ከጥፋተኛው ጋር መቀላቀል ነው። በቀድሞው ዘመን የራም ተቆጣጣሪው በማዘርቦርዱ ላይ ነበረ። ኤ.ኤም.ዲ. በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 ተቆጣጣሪውን ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ የራም ስሕተት የሚነገረው በፕሮሰሰሩ አንደበት ነው። በምሳሌው ላይ የተጠቀሰው ባንክ 8 በ2008ቱ የኢንቴል ትውልድ የራም ተቆጣጣሪው ባንክ ነው፤ በኋላ በመጡት ትውልዶች ግን የባንኮቹ ቁጥር ተለውጧል። «ፕሮሰሰር 0» የሚለውም ቃል ዜናውን ያደረሰው ማን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ ማን እንዳጠፋ አይናገርም። በተመሳሳይ ሁኔታ፣ በጋራው ክፍል ቁጥር 1024 ሆኖ የሚታየው «የውስጥ ሰዓት ቆጣሪ ስሕተት» የፕሮሰሰሩ ሰዓት የተበላሸ ያስመስላል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ከአንድ ካርድ ወይም ከሌላ መሣሪያ መልስ እየጠበቀ መልሱ የቀረበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ባልመጣ እንግዳ የቤቱን ጌታ መክሰስ ተገቢ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ጊዜ ነው። የባንኮቹ ይዘት ማሽኑ በሪስታርት ቢነሣም አይጠፋም። በዚህ ምክንያት ትናንት ማታ የደረሰው ስሕተት ዛሬ ጧት ማሽኑ ሲነሣ በዛሬ ሰዓት ይመዘገባል። አንዳንድ ባዮሶችም ሬጂስተሮቹን ሳያጸዱ ስለሚተዉ ያልደረሰ ስሕተት የደረሰ መስሎ ይታያል። ሊኑክስ በአንዳንድ የቆዩ የኤ.ኤም.ዲ. ፕሮሰሰሮች ላይ ማሽኑ ሲነሣ ተርፎ የሚገኘውን ይህን ይዘት ሳይመዘግብ የሚያልፈው ስለዚህ ነው። በቆየ ማሽን ላይ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ራሱ የሐሰት ይሆናል። በአገራችን በዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠር ይጨመራል። መዝገቡ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚጻፍ ከሆነ፣ 11፡20 ላይ የተመዘገበ ስሕተት በዘበኛው ደብተር ከቀኑ 8፡20 ላይ መብራት ጠፋ ተብሎ ከተጻፈው ጋር አንድ ቅጽበት ነው። ሁለቱን ሳያስማማ የሚያመሳክር ሰው የኤሌክትሪኩን ጥፋት ፕሮሰሰሩ ላይ ይጥላል፤ ወይም በተቃራኒው የማሽኑን ሕመም በመብራት ያሳብባል።

ሦስተኛው መንገድ ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ከወሰን በላይ ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም ድርጊት ከማሽን ቼክ ስሕተቶች ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይችላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ዙር ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ቀጭን ስለ ሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ለሰርቨር በሚሠራበት የተለመደ ደንብ መሠረት፣ ከ900 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር የተፈቀደው የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ ለደብረ ማርቆስ ይህ ወደ 5 ዲግሪ ይሆናል። የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይህ አይሰማም። ነገር ግን መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል፣ በአቧራ በታፈነ ፋንና በደረቀ የሙቀት አስተላላፊ ቅባት ላይ ሲጨመር ልዩነቱ ይታያል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ብሩሽና አዲስ ቅባት ነው።

ከፍታን በተመለከተ አንድ ሌላ ነገር ይነሣል። በ1979 ሜይና ዉድስ የተባሉ የኢንቴል ተመራማሪዎች፣ ከማሸጊያው ቁስ የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶች በሜሞሪ ውስጥ ያለን ቢት ሳይሰብሩ ሊገለብጡ እንደሚችሉ አሳተሙ። ከሕዋ የሚመጡ ጨረሮችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ከፍታ ሲጨምርም ይበዛሉ። ይሁን እንጂ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ፣ ከፍታው የሚጨምረውን ጨረር መግነጢሱ በከፊል ይከላከለዋል። ከዚህም በላይ ጉግል በሰርቨሮቹ ላይ አካሂዶ በ2009 ያሳተመው ጥናት፣ በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት የራም ካርዶች ስሕተት እንዳሳዩ፣ ስሕተቶቹም በአብዛኛው ከአካሉ ጉድለት እንጂ ከአላፊ ክስተት እንዳልመጡ አመልክቷል። በአንድ አድራሻ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ስሕተት ከሰማይ አልወረደም፤ ከራሙ ነው።

አራተኛው መንገድ፣ መዝገቡ ራሱ ከመሠረቱ ሐሰት የሚሆንበት ነው። በ2013 የወጡት ሃስዌል የተባሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ፣ በባንክ 0 ላይ «የታረመ የውስጥ ፓሪቲ ስሕተት» የሚል ቁጥር 5 ያለ ምክንያት ይመዘግባሉ። ይህ የሐሰት መዝገብ መሆኑን ኢንቴል ራሱ ባሳተመው የጉድለት ዝርዝር አስፍሯል፤ ሊኑክስም ከ2020 ጀምሮ ሳይመዘግብ እንዲያልፈው ተደርጓል። ለአንዳንድ የኤ.ኤም.ዲ. ቤተሰብ 23 ሞዴሎችም በ2019 ተመሳሳይ ማጣሪያ ተጨምሯል። የቆየ ሊኑክስ የጫነ ሰው ግን ማጣሪያው ስለሌለው የሐሰቱን ቃል ማንበቡን ይቀጥላል።

አምስተኛው መንገድ፣ ቃሉ እውነት ሆኖ ትርጓሜው ሲጋነን ነው። በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ በ«ከርነል ፓወር» ስም የሚታየው ቁጥር 41 ብዙ ፓወር ሰፕላይ አስጥሏል። ቁጥሩ የሚለው ግን «ማሽኑ ከዚህ በፊት በሥርዓቱ አልተዘጋም» ብቻ ነው። ገመዱ ተነቅሎም፣ ማሽኑ ደርቆም፣ ሰው ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶትም ቢሆን ያው ቁጥር ይጻፋል።

በንጹሑ ላይ የተፈረደበት አንድ ታላቅ ምሳሌም በቅርቡ ታይቷል። በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች የሚሠሩ በርካታ ማሽኖች «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት እያሳዩ ጨዋታዎችን ያቋርጡ ነበር። ተጠቃሚዎች የግራፊክስ ካርዳቸውን ጠረጠሩ፤ የጨዋታ ሠሪዎችንም ወቀሱ። ኢንቴል በ2024 እንዳመነው ግን ጉድለቱ ከተገቢው በላይ በሆነ ቮልቴጅ ምክንያት በፕሮሰሰሩ ላይ የደረሰ ነበር። ማስተካከያ ማይክሮኮድ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ መልእክቱ ሌላውን ይከስ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ «ፕሮሰሰሩን አትጠርጥር» አይደለም፤ «መልእክቱ የጠራውን ስም ብቻ ይዘህ አትፍረድ» ነው።

መዝገቡ ዝም ሲል

ከሚያሳስት መዝገብ የባሰው ዝም ያለ መዝገብ ነው። ስሕተት አራሚ ባልሆነ ተራ ራም ላይ የቢት መገልበጥ ከቶ አይመዘገብም፤ የሚታየው በፕሮግራም መቋረጥ ወይም በተበላሸ ፋይል ነው። ፌስቡክ በ2021 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የፕሮሰሰር ክፍል 1.1ን 53 ጊዜ በራሱ አባዝቶ ሙሉ ቁጥሩን ሲጠየቅ፣ 156 ማለት ሲገባው 0 ይል እንደ ነበረ ገልጿል። በዚህም የተነሣ የፋይሎች መጠን ዜሮ እየተባለ ፋይሎቹ ይጎድሉ ነበር። በመዝገቡ ላይ ግን አንዳች ስሕተት አልተጻፈም። ንጹሕ መዝገብ የጤና ማስረጃ አይደለም፤ የተጻፈ ስሕተትም የሞት ማስረጃ አይደለም።

የምርመራ ሥርዓት

ምሥራቅ ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስና በሌሎቹ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንዲፈልግ ይማራል፤ በመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም መምህሩ አንዱን ፍቺ ሰጥቶ አያቆምም፤ «አንድም» እያለ ሌላውን ያስከትላል። የስሕተት መዝገብ አነባበብም ይህንኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ አንድም ራሙ ነው፤ አንድም ሙቀቱ ነው፤ አንድም ኤሌክትሪኩ ነው፤ አንድም ባዮሱ ነው፤ አንድም ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው። ልዩነቱ የጥገና ባለሙያው ከ«አንድም»ዎቹ መካከል በፈተና አንዱን መምረጥ ያለበት መሆኑ ነው። ለዚህም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይበጃል።

አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፋይሎቹ በሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጡ። የተጠረጠረ ማሽን እየተመረመረ ሥራ አይሠራበትም። የተገለበጠውም ከቀድሞ ቅጂ ጋር ይመሳከር።

ሁለተኛ፣ የመዝገቡ ጥሬ ቁጥር እንዳለ ይቀዳ። ትርጉሙ ብቻ ተይዞ ቁጥሩ ከተጣለ፣ ተርጓሚው መሳሳቱ ሲታወቅ የሚመለሱበት የለም።

ሦስተኛ፣ የፕሮሰሰሩ ቤተሰብ፣ ሞዴልና እርምጃ ቁጥር ይለይ። አስተርጓሚው ፕሮግራም ያንን ሞዴል ያውቀው እንደ ሆነ፣ ሲነሣ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ተፈልጎ ይረጋገጥ። በሊኑክስ ላይ የኤም.ሲ.ኢ. ሎግ የቆየ መንገድ ከ2017 ወዲህ የተተወ ስለ ሆነ፣ «ራስዴሞን» የተባለውን አዲሱን መጠቀም ይመረጣል።

አራተኛ፣ አስተርጓሚው ሞዴሉን ካላወቀው የጋራው ክፍል ብቻ ይነበብ፤ ስለ ቀረው በሪፖርቱ ላይ «አልታወቀም» ይባል። አልታወቀም ብሎ መጻፍ የሙያ ክብር እንጂ ነውር አይደለም።

አምስተኛ፣ ሠሪው ያሳተመው የጉድለት ዝርዝር ይታይ። የታወቀ የሐሰት መዝገብ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ስድስተኛ፣ ሰዓቱ ከመብራት መቋረጥ ደብተር ጋር በአንድ አቆጣጠር ይመሳከር።

ሰባተኛ፣ ገንዘብ የማይጠይቀው ይቅደም፦ አቧራ ማጽዳት፣ ራሙን አውጥቶ መልሶ መግጠም፣ ባዮሱን ወደ መጀመሪያ አቋሙ መመለስ፣ በታወቀ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ መሞከር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠውም ይጻፍ። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው ማሽኑ ቢድን እንኳ በምን እንደ ዳነ አያውቅም።

ስምንተኛ፣ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ማሽኑ ሌሊቱን በራም መፈተሻ ፕሮግራም ይፈተን። ፕሮሰሰር እንዲገዛ የሚጠየቀው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው።

ሥርዓቱ በምሳሌው ላይ ሲሠራ

ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ስንመለስ፣ ሁለተኛ የተጠራው ባለሙያ በዚህ ሥርዓት ሄደ እንበል። ፋይሎቹን ገልብጦ ጥሬ ቁጥሮቹን ይቀዳል። ሞዴሉን ለይቶ ባንክ 8 የራም ተቆጣጣሪው መሆኑን ይረዳል። በክረምቱ የመብራት መቆራረጥ ስለ በዛ ሁሉም «ኤሌክትሪኩ ነው» ይላል። ሰዓቱን በአንድ አቆጣጠር ሲያመሳክር ግን ከአምስቱ ስሕተቶች አራቱ መብራት ባልጠፋበት ሰዓት የደረሱ ሆነው ያገኛቸዋል። የአድራሻው ቢት ተጽፏል፤ አድራሻዎቹም የሚያመለክቱት አንድ የራም ካርድን ነው። ካርዱን ወደ ሌላ መግቢያ ያዛውረዋል። ስሕተቱ ካርዱን ተከትሎ ቢሄድ ጥፋተኛው ካርዱ ነው፤ በፊተኛው መግቢያ ቢቀር መግቢያው ወይም ተቆጣጣሪው ነው፤ ከሁለቱም ቢጠፋ መንገድ ላይ በመንገጫገጭ የላላ ወይም በእርጥበት የቆሸሸ መጋጠሚያ ነበረ ማለት ነው። ሦስቱም መልሶች የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ግዢም የሚያስፈልግ ቢሆን አንድ የራም ካርድ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ የሚዘነጋው ነው። በታመመው ማሽን ላይ በእነዚያ ሳምንታት የገባው የይዞታ ዝርዝር ከወረቀቱ ቅጽ ጋር ገጽ በገጽ መመሳከር አለበት። ማሽኑ ዳነ ማለት የተጻፈበት ዳነ ማለት አይደለም። ይህን ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሳይነግር የሚሄድ ባለሙያ ጥገናውን በግማሽ ትቶ ሄዷል።

ለማኅበሩ የሚቀርብ ሐሳብ

ከዚህ የሚወጣው ሐሳብ ሦስት ነው። አባላት የሚያጋጥሟቸውን ጥሬ የስሕተት ቁጥሮች ከፕሮሰሰሩ ሞዴልና በመጨረሻ ከተገኘው ምክንያት ጋር በአንድ የጋራ ደብተር ቢያሰባስቡ፣ በአንድ ወረዳ የታወቀው በሌላው ወረዳ እንደ አዲስ አይፈለግም። በየጽሕፈት ቤቱ የመብራት መቋረጥ ደብተር ቢያዝ፣ ሰዓቱም በኢትዮጵያና በማሽኑ አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። የብልሽት ሪፖርት ቅጾችም «መዝገቡ ምን አለ?» እና «በፈተና ምን ተገኘ?» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ቢኖሯቸው፣ ማንም ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሞልቶ ግዢ መጠየቅ አይችልም።

ያገለገሉ ማሽኖች ወደ ደጋው መምጣታቸው አይቀርም፤ ሠሪዎቻቸውም መተዋቸው አይቀርም። ሠሪው የተወውን ማሽን የሚረዳው በአጠገቡ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። ያ ባለሙያ የምስክሩን ቃል በአክብሮት ሰምቶ፣ አስተርጓሚውን መርምሮ፣ ፍርዱን በፈተና ላይ ካቆመ፣ የጽሕፈት ቤቱ ገንዘብ ከብክነት ይድናል፤ ገበሬውም ስለ መሬቱ የተጻፈውን ቃል ሊያምነው ይችላል።